«ሕክምናው ሠርቷል» ለማለት ምን መለካት አለብን? የምግብ አለርጂ ኢሚውኖቴራፒን ስለ መመዘን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

ንግግሬን በአንድ ቁጥር ልጀምር፦ 67.2 በመቶ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ፓሊሴድ» የተሰኘ ጥናት፣ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባቸው ከ4 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች ለአንድ ዓመት ያህል በየቀኑ መጠኑ በጥንቃቄ እየጨመረ የሚሄድ የኦቾሎኒ ዱቄት እንዲወስዱ አደረገ። በመጨረሻ በሐኪም ፊት ሲፈተኑ፣ ከታከሙት 67.2 በመቶው 600 ሚሊግራም የኦቾሎኒ ፕሮቲን በአንድ ጊዜ ወስደው ፈተናውን የሚያስቆም ምልክት አልታየባቸውም። ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ ዱቄት ከወሰዱት ግን ይህን የቻሉት 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉም ሕክምናውን ሲጀምሩ 100 ሚሊግራም ወይም ከዚያ ያነሰ መጠን እንኳ የማይችሉ ልጆች ነበሩ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህን ውጤት መሠረት አድርጎ በጃንዋሪ 2020 ዱቄቱን ፈቀደ።

ቁጥሩ እውነተኛ ነው፤ ጥናቱም በጥንቃቄ የተሠራ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቁጥሩ ወደ ቤተሰብ ሲደርስ የሚሆነው ነው። ወላጅ «67 በመቶ» ሲባል የሚሰማው «ከሦስት ልጆች ሁለቱ ይድናሉ» የሚል ነው። ጥናቱ ግን ስለ መዳን አልጠየቀም። የጠየቀው፣ በየቀኑ ዱቄቱን እየወሰዱ ያሉ ልጆች በተወሰነ ቀን የተወሰነ መጠን ይችላሉ ወይ የሚለውን ነው። የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር፦ የዚህ ሕክምና ውጤት መጠኑ፣ ቀኑ፣ ማወዳደሪያው ቡድንና ልጁ የከፈለው ዋጋ አብረው ካልተነገሩ በቀር ትርጉም ያለው ቁጥር አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ የሚነገረው መቶኛው ነው፤ የቀሩት ይረሳሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አልፍሬድ ስኮፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ለእንቁላል ከባድ አለርጂ የነበረበትን የ13 ዓመት ልጅ እጅግ ጥቃቅን በሆነ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ እያለማመደ እንቁላል እንዲበላ እንዳበቃው «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። የዛሬው የአፍ ኢሚውኖቴራፒም በመሠረቱ ይኸው ነው፦ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት እንደ ጠላት የሚቆጥረውን ፕሮቲን፣ ምልክት ከሚያስነሣው መጠን በታች ጀምሮ፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ መስጠት። ከምላስ ሥር የሚቀመጥ ጠብታና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተርም አለ። ስኮፊልድ ያከመው አንድ ልጅ ነበር፤ ልጁ ሳይታከም ቢቀር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር የሚነግረን ማወዳደሪያ አልነበረውም። መለኪያው ቅርጽ እየያዘ የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

መለኪያው የምግብ ፈተና ይባላል። ጠንቅቀን ካላወቅነው ከእርሱ የሚወጡትን ቁጥሮች ስለማንረዳ ትንሽ ልቆይበት። ልጁ ከባድ የአለርጂ ምላሽን የሚያስታግሰው አድሬናሊንና የሠለጠነ ባለሙያ ባሉበት ቦታ ይቀመጣል። ምግቡ በሌላ ምግብ ውስጥ ጣዕሙ እንዳይለይ ተደርጎ ይደበቃል። ከዚያ ለምሳሌ 3 ሚሊግራም ፕሮቲን ይሰጠዋል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ምንም ካልታየ 10፣ ከዚያ 30፣ 100፣ 300፣ 1000፣ እስከ 3000 ሚሊግራም ይቀጥላል። በሌላ ቀን ደግሞ አለርጂ የማያስነሣ አምሳያ በዚያው አካሄድ ይሰጠዋል። የትኛው ቀን የትኛው እንደሆነ ልጁም፣ ወላጁም፣ የሚከታተለው ሐኪምም አያውቁም። ይህ በሁለቱም ወገን የተጋረደ ፈተና በምግብ አለርጂ ምርምር ውስጥ ሥር የሰደደው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው።

መጋረዱ ለምን አስፈለገ? የሆድ ቁርጠት፣ የአፍ ማሳከክ፣ ማቅለሽለሽ ፍርሃትም ያመጣቸዋል። ዕድሜውን ሁሉ «ይህን ብትነካ ትሞታለህ» ሲባል ያደገ ልጅ ምግቡ ፊቱ ሲቀርብ ሆዱ ቢታወክ አይደንቅም። አምሳያውን በልተው ምልክት የሚያሳዩ ልጆች አሉ። ስለዚህ ፈተናውን የሚመሩ ሐኪሞች በዓይን የሚታዩ ምልክቶችን ማለትም ሽፍታን፣ ማስመለስን፣ የትንፋሽ ማፏጨትን፣ የደም ግፊት መውረድን በአፍ ከሚነገሩት የበለጠ ይመዝናሉ። ፈተናው በየትኛው ምልክት እንደሚቆም ከጥናት ጥናት ይለያያል። አንዱ ተመራማሪ አፉን ያሳከከውን ልጅ ያሳልፈዋል፤ ሌላው ያስቆመዋል። በዚህ ብቻ የሁለት ጥናቶች መቶኛ ሊራራቅ ይችላል።

ማለፊያው መጠን ደግሞ ከዚህም በላይ ይለውጣል። በዚያው በፓሊሴድ 300 ሚሊግራም የቻሉት 76.6 በመቶ ነበሩ፤ 600 የቻሉት 67.2፤ 1000 የቻሉት 50.3። ልጆቹ ያው ናቸው፤ ዱቄቱም ያው ነው፤ የተለየው መስመሩ የተሰመረበት ቦታ ነው። በእንግሊዝ ካምብሪጅ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው «ስቶፕ 2» ጥናትም እንዲሁ ነው። ከስድስት ወር በኋላ 1400 ሚሊግራም የሚደርሰውን ፈተና ያለፉት 62 በመቶ ሲሆኑ፣ በየቀኑ 800 ሚሊግራም መውሰድ የቻሉት ግን 84 በመቶ ነበሩ። ጋዜጠኛ የትኛውን ቁጥር አርዕስት ያደርጋል? ብዙ ጊዜ ትልቁን። የትኛውም ውሸት አይደለም፤ ግን የተለያየ ጥያቄ መልሶች ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ያቋረጡት ልጆች ጉዳይ ነው፤ እኔ እንደ ታማኝነት ፈተና የማየው ይህን ነው። ሆዱን እያመመው ወይም ጉሮሮው እያበጠ ሕክምናውን የተወ ልጅ የመጨረሻውን ፈተና አይፈተንም። እርሱን ከሒሳቡ ካወጣነው ሕክምናው ያማረ ይመስላል። ፓሊሴድ 67.2 ያለው ያቋረጡትን ሁሉ እንዳልተሳካላቸው ቆጥሮ ነው። እስከ መጨረሻ የዘለቁትን ብቻ ቢቆጥር ኖሮ ቁጥሩ 84.5 ይሆን ነበር። ልዩነቱ አሥራ ሰባት ነጥብ ነው። ሕክምናውን ለመጀመር የሚያስብ ቤተሰብ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ልጁ ከሚዘልቁት ይሁን ከሚያቋርጡት አስቀድሞ አያውቅምና። አንድ የምርምር ዘገባ «ከጨረሱት ውስጥ» ብሎ የሚጀምር መቶኛ ብቻ ካቀረበ፣ ከመቀጠላችሁ በፊት ስንቶች እንደጀመሩ ፈልጉ።

ያለ ማወዳደሪያ ቡድን የቀረበ ውጤትም ሊያሳስተን ይችላል። የወተትና የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ልጆች አብዛኞቹ እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል፤ ከኦቾሎኒ አለርጂም ከአምስት አንዱ ያህሉ ይገላገላል። በፕላስተር የሚሰጠው ሕክምና ላይ የተደረጉት ሁለት ጥናቶች ይህን በደንብ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው «ፔፒትስ» ከ4 እስከ 11 ዓመት የሆኑ 356 ልጆችን አሳትፎ፣ ፕላስተሩን ከለጠፉት 35.3 በመቶ፣ አምሳያውን ከለጠፉት 13.6 በመቶ መሻሻል አሳዩ። ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም። ሆኖም ተመራማሪዎቹ ጥናቱ ሳይጀመር በፊት «የልዩነቱ ግምት ዝቅተኛ ጠርዝ ከ15 በመቶ በታች ከወረደ ግቡን መታን አንልም» ብለው ነበር፤ ጠርዙ 12.4 ሆነ፤ ግባቸውን እንዳልመቱ ጻፉ። እንዲህ ያለ ሐቀኝነት ሊመሰገን ይገባዋል ባይ ነኝ። ከዚያ ከ1 እስከ 3 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ላይ የተደረገው «ኤፒቶፕ» እ.ኤ.አ. በ2023 ሲታተም፣ ከታከሙት 67 በመቶው፣ ከአምሳያው ቡድን ደግሞ 33.5 በመቶው ለመሻሻል የተቀመጠውን መስመር አለፉ። ምንም ሕክምና ሳያገኙ ከሦስቱ ሕፃናት አንዱ መስመሩን አልፏል ማለት ነው። ማወዳደሪያ ቡድን ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ለፕላስተሩ ይመዘገብለት ነበር።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። በእኔ አስተያየት የጉዳዩ ሁሉ እምብርት እዚህ ነው። አንድ ልጅ ዱቄቱን በየቀኑ እየወሰደ መቻሉ አንድ ነገር ነው። ዱቄቱን ትቶ፣ ወራት አሳልፎ፣ ከዚያ ሲፈተን መቻሉ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን የሚያገኙ ብዙዎች ናቸው፤ ሁለተኛውን የሚያገኙ ጥቂቶች።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የእንቁላል ጥናት 40 ልጆችን አክሞ ነበር። ከ22 ወር በኋላ 75 በመቶው ፈተናውን አለፉ። ሕክምናው ቆሞ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እንቁላል ሳይነኩ ቆይተው እንደገና ሲፈተኑ ያለፉት 28 በመቶ፣ ማለትም 11 ልጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት «ፖይዝድ» ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። ከሁለት ዓመት ሕክምና በኋላ ከታከሙት ወደ 85 በመቶ የሚጠጉት 4000 ሚሊግራም የኦቾሎኒ ፕሮቲን ቻሉ። ከዚያ ከፊሎቹ ሙሉ በሙሉ እንዲያቆሙ ተደረገ። በሦስት ወር ውስጥ ይህን መጠን የሚችሉት 35 በመቶ ሆኑ፤ በዓመቱ 13 በመቶ ብቻ ቀሩ። ሌሎቹ በቀን 300 ሚሊግራም እየወሰዱ እንዲቀጥሉ ተደርገው ነበር፤ የሚገርመው ከእነርሱም በዓመቱ 4000 ሚሊግራም የቻሉት 37 በመቶ ብቻ ናቸው። እንግዲህ በአንድ ጥናት ውስጥ 85ም፣ 35ም፣ 13ም አለ። «ሕክምናው በስንቶች ላይ ሠራ?» ለሚል ሰው «በየትኛው ቀን?» ብሎ ከመመለስ ሌላ ምን አማራጭ አለ?

ተስፋ የሚሰጠው ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው «ኢምፓክት» ጥናት አራት ዓመት ያልሞላቸውን 146 ሕፃናት ይዞ ነበር። በሕክምናው ፍጻሜ 71 በመቶው 5000 ሚሊግራም ቻሉ፤ ሕክምናው ቆሞ 26 ሳምንት ካለፈ በኋላም 21 በመቶው ችለው ተገኙ። በፕላሴቦው ቡድን ይህ 2 በመቶ ብቻ ነበር። በተለይ በዕድሜ ትንሾቹና ሲጀምሩ በደማቸው የኦቾሎኒ አይ ጂ ኢ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል መጠን ዝቅ ያለው ሕፃናት የተሻለ ዕድል ነበራቸው። እነዚህ ሕፃናት ገና መናገር የጀመሩ ናቸውና ምልክታቸውን የሚያስተውለው ሌላ ሰው ነው፤ የመለካቱ ሥራ እዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

አይ ጂ ኢን ካነሣሁ ስለ ደም ምርመራ በአጭሩ ልበል። አይ ጂ ኢ አለርጂውን የሚቀሰቅሰው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሕክምናው ሲጀመር መጀመሪያ ከፍ ይላል፤ በኋላ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አይ ጂ ጂ 4 የሚባለው ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ ይጨምራል። በቆዳ ላይ የሚደረገው የመውጊያ ምርመራም እብጠቱ እየቀነሰ ይመጣል። እነዚህ ሁሉ ሰውነት እየተለወጠ መሆኑን ይነግሩናል። ነገር ግን አይ ጂ ጂ 4ቱ ከፍ ብሎ ፈተናውን የሚወድቅ ልጅ አለ፤ አይ ጂ ኢው ሳይወርድ የሚያልፍም አለ። የደም ውጤት ብቻ ይዞ «ተሳክቷል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ አትመኑት።

ስለ ዋጋው እንናገር። ሐኪሞች ስንባል ይህን ብዙ ጊዜ በመጨረሻ በትንሽ ፊደል እንጽፈዋለን፤ ከፊት መቀመጥ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2019 «ላንሴት» ላይ የወጣ የጥናቶች ክምችት ትንታኔ በኦቾሎኒ የአፍ ኢሚውኖቴራፒ ላይ የተደረጉ 12 ጥናቶችን፣ 1041 ተሳታፊዎችን አንድ ላይ አየ። ፈተናውን በማለፍ በኩል የታከሙት ካልታከሙት ይበልጡ ነበር። አናፊላክሲስ፣ ማለትም መላ ሰውነትን የሚያጠቃው ከባድ የአለርጂ ምላሽ የደረሰባቸው ግን ከታከሙት 22.2 በመቶ፣ ካልታከሙት 7.1 በመቶ ነበሩ። አስቡት፦ ሰዎች ይህን ሕክምና የሚጀምሩት በድንገት እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስባቸው ነው፤ በሕክምናው ዘመን ግን ሦስት እጥፍ ይደርስባቸዋል። በፓሊሴድም አድሬናሊን ያስፈለጋቸው ከታከሙት 14 በመቶ፣ ከፕላሴቦው ቡድን 6.5 በመቶ ነበሩ፤ በጉዳት ምክንያት ያቋረጡት ደግሞ ከታከሙት 11.6 በመቶ፣ ከፕላሴቦው ቡድን 2.4 በመቶ ነበሩ። ከዚህ ሌላ የጉሮሮ ቧንቧን የሚያቆስል ኢኦሲኖፊሊክ ኢሶፋጃይተስ የተባለ ሕመም በጥቂቶች ላይ ይከሰታል።

ይህን ሰምቶ ሕክምናው ከንቱ ነው የሚል ካለ፣ እኔ እንዲያ አልልም። ምላሹ የሚደርሰው በአብዛኛው ወላጅ በሚያውቀው ሰዓት፣ መድኃኒቱ በእጅ ባለበት ነው፤ ካልታወቀ ምግብ የሚመጣው ግን ማንም ባልተዘጋጀበት ይደርሳል። ሁለቱ እኩል አይደሉም። ይሁንና ቁጥሩን ከልጁ ቤተሰብ መደበቅ ይቅርታ የሌለው በደል ነው። ከ67.2ቱ ጎን 14ቱም ይጻፍ።

ፈተናው የሚካሄደው ልጁ ጤነኛ በሆነበት፣ ተኝቶ ባደረበት፣ ተቀምጦ ባለበት ቀን ነው። ኑሮ እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባቸውን አዋቂዎች አንድ ጊዜ በዕረፍት፣ አንድ ጊዜ ከአካል እንቅስቃሴ ጋር፣ አንድ ጊዜ እንቅልፍ አጥተው ፈተናቸው። እንቅስቃሴውም የእንቅልፍ እጦቱም እያንዳንዳቸው ምልክት የሚያስነሣውን መጠን በ45 በመቶ ያህል አወረዱት። ትኩሳትና አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። ስለዚህ በፈተና ክፍል 600 የቻለ ልጅ በሩጫ ቀን 600 ይችላል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ታዲያ ስንት ይበቃል? ይህ እንደ ፈላጊው ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ ልጁ እንደ ማንም ሰው እንዲበላ ይፈልጋል፤ ለእርሱ 4000 ወይም 5000 ሚሊግራም ካቋረጠ በኋላም መቻሉ መለካት አለበት። ብዙዎች ግን የሚፈልጉት በስሕተት የተቀላቀለ ቅንጣት ልጃቸውን እንዳይጥልባቸው ብቻ ነው። ለእነርሱ ትንሽ ለውጥም ብዙ ነው፦ በፋብሪካ ምግቦች ውስጥ ሳይታሰብ የሚገኘውን የኦቾሎኒ መጠን መነሻ አድርጎ የተሠራ የስጋት ስሌት፣ ከ100 ሚሊግራም በታች ይነሣ የነበረ ምላሽ ወደ 300 ከፍ ሲል ከእንዲህ ያሉ ምግቦች የሚመጣው ስጋት ከ95 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንድ ፍሬ ኦቾሎኒ የሚይዘው ፕሮቲን ከ250 እስከ 300 ሚሊግራም ያህል ነው። እንግዲህ «አንድ ፍሬ ብቻ ቻለ» የሚለው ውጤት ለአንዱ ቤት ውድቀት፣ ለሌላው ቤት ትልቅ ዕፎይታ ነው።

ዕፎይታውስ ይለካል? ይሞከራል። በምግብ አለርጂ ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጀ የኑሮ ጥራት መጠይቅ አለ፤ ለልጆች፣ ለወጣቶች፣ ለአዋቂዎችና ለወላጆች የተለያየ ቅጽ አለው። ስለ ፍርሃት፣ ከጓደኛ ጋር ስለ መብላት፣ ስለ ጉዞ ይጠይቃል። ቅድም የጠቀስኩት የ2019 ትንታኔ በዚህ በኩል በታከሙትና ባልታከሙት መካከል ግልጽ ልዩነት አላገኘም። ይህ ውጤት ብዙ ባለሙያዎችን አስደንግጧል፤ ሊያስደነግጥም ይገባል። ምክንያቱን በከፊል እገምታለሁ። የሚለካው በሕክምናው መካከል ነው፤ በየቀኑ የሚፈራውን ነገር የሚውጥ፣ ከወሰደ በኋላ ለሰዓታት እንዳይሮጥ የሚከለከል ልጅ ደስታው ገና አልመጣም። ወላጁ ዕፎይ ሲል ልጁ ላይል ይችላል፤ መጠይቁን የሞላው ማን እንደሆነ ሁልጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደግሞም የሆድ ሕመሙ ራሱ ማን እውነተኛውን ዱቄት እንደያዘ ስለሚያጋልጥ፣ መጋረጃው በመጠይቁ ላይ ብዙም አይሠራም።

ደስ የሚለኝ ነገር፣ ተመራማሪዎች፣ ሐኪሞች፣ ታካሚዎችና ወላጆች ከብዙ አገር ተሰባስበው በምግብ አለርጂ ሕክምና ጥናት ሁሉ የግድ መለካት ያለበት ምንድን ነው ብለው መምከራቸው ነው። «ኮምፋ» የተባለው ይህ ሥራ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2023 ሲያወጣ የተስማሙት በሁለት ነገር ነው፦ የአለርጂ ምልክቶችና የኑሮ ጥራት። የደም ውጤት ከሁለቱ አንዱ አልሆነም። ወላጆችና ታካሚዎች በጠረጴዛው ዙሪያ በመኖራቸው ይመስለኛል።

በመጨረሻ፣ ከንግግር በኋላ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን አስቀድሜ ልመልስ፦ «ልጄ ፈተናውን ካለፈ የአድሬናሊን መርፌውን መያዝ ልተው?» አይሆንም። የተፈቀደው የኦቾሎኒ ዱቄትም ቢሆን የሚሰጠው ኦቾሎኒን ከመራቅ ጋር እንጂ በእርሱ ምትክ አይደለም፤ መርፌውም ከልጁ አይለይም። ዕለታዊው መጠን ለጥቂት ቀናት ከተቋረጠ በራስ ግምት እንደገና አይጀመርም፤ ልጁ ትኩሳት ከያዘውም የዚያን ቀን መጠን ከመስጠታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።